ሱዶበልብ ምንድን ነው? የኦንሲዲየም አበባ የሚወሰንበት ቦታ

በባሕር ዳር ኦንሲዲየም የተባለውን ኦርኪድ በበረንዳቸው ላይ የሚያሳድጉ ሰዎች ሲገናኙ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ቅጠሉ እንዲህ ለምልሞ አበባ የማያወጣው ለምንድን ነው?» የሚል ነው። መልሱ ያለው ብዙዎቻችን ልብ በማንለው ቦታ፣ ማለትም ከቅጠሎቹ ሥር ጎን ለጎን ተደርድረው በሚታዩት ጠፍጠፍ ያለ እንቁላል በሚመስሉ እብጠቶች ውስጥ ነው። እነዚህ እብጠቶች በዕፀዋት ሳይንስ ሱዶበልብ ይባላሉ። «ሱዶ» ሐሰተኛ ማለት ሲሆን «በልብ» ደግሞ እንደ ሽንኩርት ያለው ራስ ነው። ሐሰተኛ የተባለበትም ምክንያት የሽንኩርት ራስ ከተደራረበ ወፍራም ቅጠል የሚሠራ ሲሆን ይህኛው ግን ያበጠ ግንድ በመሆኑ ነው። ስለዚህም አፈር ሊለብስ አይገባውም፤ የሚቀበረው ሥሩ ብቻ ነው።

ግንዱ የሚያብጠው ውሃና ምግብ ለማጠራቀም ነው። የኦንሲዲየም ዝርያዎች አገራቸው ከሜክሲኮና ከካሪቢያን ደሴቶች እስከ አርጀንቲና ያለው ምድር ሲሆን አብዛኞቹ የሚኖሩት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው ነው። በጣና ዳር ባሉ ዋርካዎችና ሾላዎች ላይ የምናየው ተቀጽላ ሥሩን ወደ ዛፉ ውስጥ ሰድዶ ይመገባል፤ ኦንሲዲየም ግን ዛፉን መቀመጫ ብቻ ያደርገዋል እንጂ ከዛፉ አንዳች አይጠባም። በቅርንጫፍ ላይ ውሃ የሚይዝ አፈር ስለሌለ ዝናቡ ሲያልፍ ሥሩ ወዲያው ይደርቃል፤ ተክሉም እስከሚቀጥለው ዝናብ የሚቆየው በሱዶበልቡ ውስጥ ባኖረው ስንቅ ነው። በነገራችን ላይ የስዊድኑ የዕፀዋት ሊቅ ኦሎፍ ስዋርትስ በ1800 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለወገኑ ያወጣለት ስም «እብጠት» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ብዙ ሰው ይህን ከሱዶበልቡ ጋር ያያይዘዋል፤ ስሙ የተወሰደው ግን በአበባው የታችኛው ከንፈር ላይ ካለችው ትንሽ ጉብታ ነው።

አበባውን በተመለከተ ሊታወቅ የሚገባው ዋናው ነገር ኦንሲዲየም አብዛኛውን ጊዜ የሚያብበው በአዲሱ ሱዶበልብ መሆኑ ነው። ከአሮጌው ሥር አዲስ ቀንበጥ ይወጣል፤ ቀንበጡ ቅጠሉን ካረዘመ በኋላ ታችኛው ክፍል ቀስ በቀስ ማበጥ ይጀምራል፤ እብጠቱ ሞልቶ ሲጠነክር የአበባው ዘንግ በሱዶበልቡና በሚያቅፈው ቅጠል መካከል ብቅ ይላል። አንድ ሱዶበልብ ብዙውን ጊዜ ካበበ በኋላ ዳግመኛ አያብብም። ይህ ማለት ግን ሥራውን ጨርሷል ማለት አይደለም። ቅጠሉ ረግፎ ራቁቱን የቀረው አሮጌ ሱዶበልብ እንኳ አረንጓዴና ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ያጠራቀመውን ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ ለውበት ብሎ እርሱን ቆርጦ መጣል የሚመጣውን አበባ መቀነስ ነው። ተክሉን ለሁለት መክፈል የሚፈልግም ሰው በእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ 3 ሱዶበልብ ሊተው ይገባል።

ሱዶበልብ የተክሉን ጥማት የሚያሳይ መለኪያም ነው፤ ነገር ግን አነባበቡ ሰውን ያሳስታል። ቆዳው ሲሸበሸብ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ውሃ ነው። እኔም አንድ ክረምት እንደወጣ መስከረም ላይ የተሸበሸበ ኦንሲዲየም አግኝቼ በየቀኑ ባጠጣው ይበልጥ ተሸበሸበ። በመጨረሻ ከማሰሮው ባወጣው ሥሮቹ በጣት ሲነኩ ቆዳቸው እንደ ራሰ ወረቀት እየተላቀቀ በእጄ የቀረው ቀጭን ክር ብቻ ነበር። ማሰሮውን በድፍን ዕቃ ውስጥ አስቀምጬው ስለነበር የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በሥሩ ተኝቶ አበስብሶታል፤ ተክሉ በውሃ መካከል ቆሞ የሚጠጣበት አፍ አጥቶ ነበር። ስለዚህ ከማጠጣት በፊት ሥሩን መመልከት ይበጃል። ጤናማ ሥር ሲደርቅ ነጣ ያለ፣ ሲርስ አረንጓዴ የሚሆን ስፖንጅ መሰል ልባስ አለው፤ ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው ውሃ ሳይሆን አዲስ መትከያ ነው። ሥሩ ደኅና ሆኖ ሱዶበልቡ ከተሸበሸበ በእርግጥ ተጠምቷል። አዲሱ ቅጠል እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ሲያድግም ምልክቱ ያው ነው፤ የታጠፈው ቅጠል በኋላ ውሃ ቢያገኝም አይዘረጋም።

ለመትከያ አፈር ፈጽሞ አይሆንም። በከተማችን በቀላሉ የሚገኘው ከሰል በአውራ ጣት ጥፍር መጠን ተሰባብሮ፣ አቧራው በደንብ ታጥቦ፣ ከዛፍ ቅርፊት ጋር ሲደባለቅ ጥሩ መትከያ ይሆናል። ማሰሮው ከሥሩ በርካታ ቀዳዳ ያለውና ጠበብ ያለ ይሁን። በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል ማጠራቀም ለተክሉ እጅግ ይስማማዋል። ለእርሻ የሚሆነውን ዩሪያ በማሰሮው ላይ መበተን ሥሩን ያቃጥላል፤ የአበባ ማዳበሪያ ከተገኘ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን በውሃ አቅጥኖ፣ ያውም አዲሱ ቀንበጥ በሚያድግበት ጊዜ ብቻ መስጠት ይበቃል።

ለኦንሲዲየም የሚስማማው ሙቀት ሌሊት ከ13 እስከ 16፣ ቀን ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ የባሕር ዳር አየር ብዙውን የዓመቱን ክፍል አያስቸግረውም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ቤት ማስገባት ነው። በእኔ ግምት እዚህ አበባን የሚያስቀረው ብርድ ሳይሆን የብርሃን አያያዝ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የመጋቢትና የሚያዝያ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን በአንድ ቀን ይጠብሰዋል። ይህን የፈራ ሰው ተክሉን ወደ በረንዳው ጥግ ያስገባውና ክረምት ሲገባ እዚያው ይረሳዋል። ደመናው ለሳምንታት በሚቆይበት በዚያ ጊዜ ደግሞ ቀንበጡ ሱዶበልቡን ለመሙላት ብርሃን ይፈልጋል፤ ካላገኘ እብጠቱ ቀጭን ሆኖ ይቀርና ዘንግ ሳያወጣ ወደ ሌላ ቀንበጥ ይሸጋገራል። ስለዚህ በበጋ የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ በክረምት ግን ዝናቡ ሳይመታው ወደ በረንዳው ጠርዝ መጠጋት አለበት። የቅጠሉ ቀለም ያስተምራል፦ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን አንሶታል፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ ካደላ በዝቶበታል፤ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ደግ ነው።

ሱዶበልቡ ሞልቶ በጎኑ አንዳች ነገር ብቅ ሲል ዘንግ ይሁን ሌላ ቀንበጥ መለየት ያስቸግራል። ቀንበጥ የሚወጣው ከግርጌው፣ ከሥሮቹ አጠገብ ነው፤ ጥቂት እንዳደገም ጫፉ ለሁለት ተከፍሎ ቅጠል መሆኑን ያሳያል። ዘንግ ግን ከቅጠሉ ብብት ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ጠፍጣፋና ሹል ሆኖም ሳይከፈል ይረዝማል። ጣት ያህል ሲደርስ አጠገቡ ቀጭን ዱላ ተክሎ በልቅ ክር ማሰር፣ ከዚያም በኋላ ማሰሮውን አለማዞር ይገባል፤ ዘንጉ ብርሃኑን እየተከተለ ስለሚያድግ ባዞሩት ቁጥር ይጣመማል።