በድምፅ የሚጽፉ ሶፍትዌሮች እና አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ መጻፍ ሲቸግረው ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ያውራውና ኮምፒውተሩ ይጻፍለት» ነው። ቴክኖሎጂው ብዙ ተማሪ ጠቅሟል፣ እጁ የማይታዘዝለት ልጅ የመጀመሪያ ፓራግራፉን ራሱ ሲጨርስ ማየት በጣም ደስ ይላል። ግን ከቴክኖሎጂው አቅም በላይ ሲጠበቅ ዳፋው የሚተርፈው ለልጁ ነው፣ «ሶፍትዌሩ ተሰጥቶህ ለምን አልሰራህም» ይባላልና። ደጋግሜ የምሰማቸውን እስቲ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«መናገር የሚችል ሁሉ ይጠቀምበታል»

እውነታው፦ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የተማረበትን ድምፅ ነው፣ የተማረው ደግሞ በአብዛኛው ጥርት አድርገው ከሚናገሩ ሰዎች ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የአምስት ትልልቅ ካምፓኒዎች ሲስተም ተፈትኖ ነጮች ሲናገሩ ከ100 ቃል 19 ገደማ ሲስት ጥቁሮች ሲናገሩ 35 ገደማ ነው የሳተው፣ ይሄ እንግዲህ የአነጋገር ዘዬ ልዩነት ብቻ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ ጡንቻን የማዘዝ ችግር) ኖሮበት ምላሱ የሚከብደው፣ የሚንተባተብ ወይም ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ተማሪ ሲናገርማ ስህተቱ ምን ያህል እንደሚብስ አስቡት። የሚንተባተብ ልጅ ትንሽ ሲያቆም ማሽኑ የጨረሰ መስሎት ማይኩን ይዘጋበታል፣ ልጁ እንደገና ይጀምራል፣ ደግሞ ይዘጋበታል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ሶፍትዌሩ ከማንም በላይ የሚያስፈልገውን ልጅ ነው ማሽኑ ከማንም አሳንሶ የሚሰማው። ጎግል በ2019 ፕሮጀክት ዩፎንያ ብሎ፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲም በ2022 ከትልልቆቹ ካምፓኒዎች ጋር ሆኖ እንደዚህ አይነት ድምፆችን መሰብሰብ ጀምረዋል፣ የራስን ድምፅ ቀድቶ ማስለመድም በደንብ ያግዛል፣ ግን ጊዜና ትዕግስት ይፈልጋል።

«95 ፐርሰንት ልክ ከሆነ ምን ችግር አለው»

እውነታው፦ 300 ቃል ያለው ገጽ ላይ 15 ስህተት ማለት ነው። ደግሞ የታይፕ ስህተት አይደለም፣ ፊደሉ ሁሉ ልክ የሆነ ሌላ ቃል ነው። ተማሪው «ሕዋሱ ለሁለት ይከፈላል» ብሎ የባዮሎጂ መልሱን ተናገረ እንበል፣ ማሽኑ «ዋሱ ለሁለት ይከፈላል» ብሎ ጻፈ። ስፔል ቼክ ዝም ይላል፣ ዋስ የሚባል ቃል አለና። ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ቃላትን የማንበብና የመጻፍ ችግር፣ ያለበት ተማሪ ይሄንን በአይኑ ለይቶ እንዲያወጣ መጠበቅ ያው መጀመሪያ ያቃተውን ስራ መልሶ መስጠት ነው፤ ለዚህ ነው ጽሁፉን ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሶፍትዌር አብሮ ካልተሰጠው ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀረው። እጁን ጨርሶ የማይጠቀመው ደግሞ እርማቱንም በድምፅ ነው የሚሰራው፣ ቃሉን ምረጥ ይላል፣ ሌላ ቃል ይመረጥበታል፣ ሰርዝ ይላል፣ «ሰርዝ» ብሎ ይጽፍለታል።

«በድምፅ መጻፍ ሁሌም ይፈጥናል»

መናገር ከታይፕ እንደሚፈጥን እውነት ነው። ግን ለመጻፍ መናገር እንደ ወሬ አይደለም፣ ዓረፍተ ነገሩን ጭንቅላት ውስጥ ጨርሶ፣ ብዙ ጊዜም «ነጠላ ሰረዝ» «አዲስ መስመር» እያሉ ነው፣ የማስታወስ ወይም ትኩረት የማድረግ ችግር ላለበት ልጅ ከባድ ጫና ነው። ፈተና ላይ ደግሞ ለብቻ ክፍል ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ መልሱን ሁሉም ይሰማዋል። ሂሳብ ላይማ ገና ነው፣ «ኤክስ ሲደመር ሁለት ሲካፈል ለሦስት» ሲባል ለሦስት የሚካፈለው ሁለቱ ብቻ ይሁን ጠቅላላው ማን ያውቃል?

«መስማት ለተሳነው ተማሪ አውቶማቲክ ካፕሽን ይበቃል»

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። ካፕሽኑ፣ ማለትም ማሽኑ ንግግሩን እየሰማ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ጽሁፍ፣ የሰው ስምና የትምህርቱን ቃላት ያበላሻል፣ ከኋላ ወንበር ማይክ ሳይያዝ የተጠየቀውን ጥያቄ አይዝም፣ ብዙ ጊዜ ማን እንደተናገረም አይለይም። በ2024 የወጣ ጥናት ዊስፐር የሚባለውን ንግግር ወደ ጽሁፍ የሚቀይር ሲስተም ሲመረምር ከቅጂዎቹ 1 ፐርሰንት ገደማ ላይ ማንም ያልተናገረው ሙሉ ሐረግ ወይም ዓረፍተ ነገር ተጽፎ አግኝቷል፣ በንግግር መሀል ረጅም ዝምታ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። የሚሰማ ሰው ይሄን ያየዋል ይስቃል ያልፋል፣ የማይሰማው ተማሪ ግን ከምን ጋር ያመሳክረው? የተጻፈውን እንደ ትምህርት ይዞት ነው የሚሄደው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ወይም ንግግሩን እየተከታተለ የሚጽፍ ሰው በካፕሽን ተተካ ሲባል ስሰማ ለዚህ ነው የምቃወመው።

«አንዴ ከለመደው ሌላ ነገር አያስፈልገውም»

ጉሮሮ ይደክማል። ቀኑን ሙሉ አንድ አይነት ቃና ይዞ መናገር ድምፅ ያሻክራል፣ ጉንፋን የያዘው ቀን ደግሞ ትናንት የሚያውቀው ሶፍትዌር ዛሬ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ውሃ፣ እረፍት፣ ከአፍ ጠጋ የሚል ጥሩ ሄድሴት፣ ከዚያም ሁለተኛ አማራጭ፣ ኪቦርድ ይሁን ስዊች (በትንሽ እንቅስቃሴ ተነክቶ ኮምፒውተሩን የሚያዝ ቁልፍ) ይሁን የሚጽፍለት ሰው፣ የቱ እንደሚሻለው ራሱ ተማሪው ተጠይቆ፣ ፈተናው ሳይደርስ ተሞክሮ።