የፓንዳርፑር የእግር ጉዞ

በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ በየዓመቱ ዝናቡ ሲጀምር መቶ ሺዎች መንገድ ይጀምራሉ። የሚሄዱት በእግራቸው ነው። መድረሻቸው በቢማ ወንዝ ዳር ያለችው ፓንዳርፑር ናት። ጉዞው «ዋሪ» ይባላል፣ ተጓዦቹ ደግሞ «ዋርካሪ»።

የፓንዳርፑሩ አምላክ ቪቶባ ነው። ጥቁር ምስሉ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጡብ ላይ ቆሟል። ለምን እንደቆመ አፈ ታሪኩ ይነግረናል። ፑንዳሊክ የሚባል ሰው እናትና አባቱን እያገለገለ ሳለ አምላክ ደጁ ድረስ መጣ። ሰውዬው ሥራውን አላቋረጠም። ጡብ ወረወረለትና ትንሽ እዚያ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ አለው። አምላክም አልተቆጣም፤ ይኸው እስካሁን እንደቆመ ነው። ለእኔ የዚህ እምነት ፍሬ ነገር ያለው እዚችው ጡብ ላይ ነው። ወላጅ መጦር ከአምልኮ ይቀድማል፤ አምላክም በዚህ ቅር አይለውም።

ዋሪ «ባክቲ» ከሚባለው፣ ከሥርዓት ይልቅ ፍቅርን ከሚያስቀድመው የሂንዱ እምነት ጅረት የወጣ ነው። ከትልልቅ ስሞቹ አንዱ ድኛኔሽዋር በ1290 እ.ኤ.አ. ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ በጥንቱ የሊቃውንት ቋንቋ በሳንስክሪት የነበረውን የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታን ለገበሬው በሚገባው የአገሩ ቋንቋ በማራቲ ተረጎመና አብራራ። የመዝጊያ ጸሎቱ ላይ ለራሱ ብሎ የጠየቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ክፉዎች ክፋታቸው እንዲለቃቸውና ፍጥረት ሁሉ እርስ በርሱ እንዲዋደድ ነው የለመነው።

ዛሬ ከብዙ ቦታ ሰልፍ ይነሳል። ዋናዎቹ ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ከአላንዲ የድኛኔሽዋርን፣ ሌላው ከዴሁ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ የቱካራምን የእግር ምሳሌ በብር ተሠርቶ በሠረገላ ይዞ ይወጣል። ከአላንዲ እስከ ፓንዳርፑር ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ሰው «ዲንዲ» በሚባሉ ቡድኖች ተከፋፍሎ ጽናጽል እየመታ፣ የቅዱሳኑን መዝሙር እየዘመረ ይሄዳል። ሴቶች የበሶብላ ዘመድ የሆነችውን ቱልሲ ከነማሰሮዋ ተሸክመው ይጓዛሉ። መንደርተኛው ምግብ ያቀርባል፣ ውሃ ያድላል፣ የደከመ እግር ያሻል። ተጓዡ ሁሉ «ማውሊ»፣ እናቴ፣ እየተባባለ ነው የሚጠራራው። ወንዱም ማውሊ ነው፣ መንገድ የሚያስከብረው ፖሊስም። ሲገናኙ አንዱ የሌላውን እግር ይነካል፤ ሽማግሌው ለወጣቱ ሳይቀር ጎንበስ ይላል።

የቱካራም ሰልፍ ከዴሁ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያርፈው አንጋድሻህ የተባሉ ሙስሊም ሱፊ መቃብር ላይ ነው። እዚያ ይዘመራል፣ ይሰገዳል፣ ከዚያ ጉዞው ይቀጥላል። ዋርካሪዎች ከሚያከብሯቸው ቅዱሳን መካከልም ሼክ ሙሐመድ የሚባሉ ሙስሊም የማራቲ ገጣሚ አሉ።

ነገሩ ሁሉ ግን እንደ መዝሙሩ አልነበረም። መንገድ ላይ እኩል የተባለው ሰው የመቅደሱ በር ላይ ይመረጥ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቾካሜላ ማሃር ነው፤ ሲነኩ ያረክሳሉ ተብለው ከሚገለሉት ወገን። ለቪቶባ የገጠመው ግጥም ዛሬም ይዘመራል፤ እሱ ግን በቁሙ መቅደሱ ውስጥ አልገባም። መታሰቢያው ውጭ፣ ከበሩ ደረጃ አጠገብ ነው። ተጓዦች ወደ ውስጥ ከመዝለቃቸው በፊት እሱን ይሳለማሉ። ፍቅርን ያን ያህል ያወደሰ እንቅስቃሴ በሩ ላይ ስድስት መቶ ዓመት መቆሙን ሳስብ ይከነክነኛል።

በ1947 እ.ኤ.አ. ሳኔ ጉሩጂ የተባለው መምህርና ደራሲ በሩ እንዲከፈት ብሎ እዚያው ፓንዳርፑር ምግብ መብላት አቆመ። በዚያው ዓመት የተገለሉት ሰዎች ገቡ። ካህንነቱ ግን በዘር የሚወረስ ሆኖ ቀጠለ። በ2014 እ.ኤ.አ. የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወራሾቹን ቤተሰቦች መብት አሳጣቸው፤ በዚያው ዓመትም ሴቶችና ብራህማን ከሚባለው የካህናት ወገን ውጭ የሆኑ ሰዎች ካህናት ሆነው ተሾሙ።