የቫኒላ ሥርና ሸሪኮቹ

ቫኒላ ኦርኪድ ከሚባሉት የአበባ ተክሎች ወገን ነው። ሽታውን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ተክሉን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሥሩ ውስጥ የሚኖሩትን ፈንገሶች የሚያውቅ ደግሞ ከጥቂትም ጥቂት። ይህ ዳሰሳ ስለ እነሱ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፈንገስ ሲባል ብዙዎቻችን እንጉዳይ ወይም ሻጋታ ነው ትዝ የሚለን። የቫኒላ ሸሪኮች ግን ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች ናቸው። በአፈርና በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ይዘረጋሉ፤ የሚመቻቸው ሥር ሲያገኙም ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ከሥሩ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክቶ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ነገሩ ግልጽ ነው። አንዱ ሴል ውስጥ ክሩ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ይታያል። ጎረቤቱ ሴል ውስጥ ያው ልቃቂት ሟሽሾ ቅርጽ የለሽ ጉብታ ሆኗል። ተክሉ ፈጭቶታል ማለት ነው። ሴሉ ራሱ አይሞትም፤ ቆይቶ ሌላ ክር ሊያስተናግድ ይችላል።

ቫኒላ ሐረግ ስለሆነ ሥሩም ሁለት ቦታ ነው። መሬት የገባው ሥር ብዙ ጊዜ በፈንገስ የተሞላ ነው። ከግንዱ ወጥቶ መደገፊያውን ዛፍ የሚይዘው ሥር ግን አየር ላይ እስከተንጠለጠለ ድረስ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ቅርፊቱ ላይ ሲለጠፍ ክሮቹ ይገቡበታል፤ በሚነካው በኩል ብቻ።

ተክልና ፈንገስ በሥር ላይ ለሚያደርጉት ሽርክና «ማይኮራይዛ» የሚለውን ስም ያወጣው ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ነው፤ በ1885። በኦርኪድ በኩል ግን ምስጋናው የፈረንሳዊው ኖኤል በርናር ነው። በ1899 የጸደይ ወቅት በርናር ሜለን ከተማ ወታደራዊ አገልግሎት ላይ ነበር። ፎንቴንብሎ ጫካ ውስጥ ሲዘዋወር የወደቀ የኦርኪድ አገዳ አገኘ። አገዳው የረገፈ ቅጠል ተጭኖት ነበር። ፍሬው ውስጥ የነበሩት ዘሮች በቅለዋል፤ ሁሉም ውስጥ ደግሞ ፈንገስ አለ። ያን ጊዜ የኦርኪድን ዘር ማብቀል ለአትክልተኛው የዕድል ጉዳይ ነበር። ምክንያቱ አሁን ታወቀ። የኦርኪድ ዘር እንደ ባቄላ ወይም እንደ ስንዴ ስንቅ ይዞ አይወጣም። እንደ ብናኝ የደቀቀ ነው፤ የመጀመሪያ ምግቡን የሚያቀብለው ፈንገሱ ነው። በርናር በ1911 በ36 ዓመቱ ሞተ። ያን ያህል ዕድሜ ያን ያህል ሥራ መያዙ ይገርማል። ጀርመናዊው ሃንስ ቡርጌፍም በዚሁ መስክ ብዙ ሠርቷል።

በ1922 አሜሪካዊው ሉዊስ ክነድሰን ነገሩን አወዛገበው። ስኳር ባለበት ንጹሕ ጄል ላይ የኦርኪድ ዘር ያለ ምንም ፈንገስ አበቀለ። ታዲያ ፈንገሱ አያስፈልግም ማለት ነው? ብልቃጥ ውስጥ አያስፈልግም። ጫካ ውስጥ ግን ስኳር የሚያቀርብ ሰው የለም። በእኔ እይታ ክነድሰን በርናርን አላፈረሰውም፤ ፈንገሱ ምን እንደሚሰጥ ነው ያሳየው።

የቫኒላ ዘር ከሌሎች ኦርኪዶች ዘር ለየት ይላል። ጥቁር ነው፤ ልባሱም ጠንካራ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ገበሬው ዘሩን አለመጠቀሙ ነው። ከሐረጉ ቆርጦ ይተክላል። በሜክሲኮ የፓፓንትላ ነባር ሕዝብ የሆኑት ቶቶናኮች ተክሉን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በሬዩንዮን ደሴት ደግሞ በባርነት ይኖር የነበረው የ12 ዓመቱ ኤድሞን አልቢየስ በ1841 አበባውን በእጅ የማዳቀል ቀላል ዘዴ አገኘ። ከዚያ ወዲህ እርሻው በማዳጋስካርና በሌሎች ሞቃታማ አገሮች ተስፋፋ። ዘር ስለማይዘራ ግን ዘሩን የሚያበቅለው ፈንገስ ተረሳ።

ያስታወሱት ተመራማሪዎቹ አንድሪያ ፖራስ-አልፋሮና ፖል ቤይማን ናቸው። በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከፖርቶ ሪኮ፣ ከኮስታሪካና ከኩባ የቫኒላ ሥር ሰብስበው ሦስት ወገን ፈንገስ ለዩ፤ ሴራቶባሲዲየም፣ ታናቴፎረስና ቱላስኔላ። አንዳንዶቹ ዘር ያበቅላሉ። ከሴራቶባሲዲየም ወገን የሆኑት ደግሞ ችግኙን በማሳደግ በኩል ጥሩ ውጤት አሳዩ። ሸሪኩ ለዘር ብቻ አይደለም የሚጠቅመው ማለት ነው።

ፈንገሱስ ምን ያገኛል? ለረጅም ጊዜ «ኦርኪድ በልቶ የማያበላ ነው» ይባል ነበር። በ2006 ብሪታንያ ውስጥ ጉድየራ በተባለ ሌላ ኦርኪድ ላይ የተሠራ ሙከራ ግን ካርቦን ከተክሉ ወደ ፈንገሱም እንደሚሄድ አሳየ። ቫኒላም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

ሽርክናው የሚያስቸግር ጎንም አለው። የታናቴፎረስ ዘመዶች ድንችንና ሩዝን የሚያሳምሙ ናቸው። የቫኒላ ዋና ጠላት ግን ሌላ ፈንገስ ነው፤ ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ይባላል። ሥሩን ያቡናማል፤ ያበሰብሳል፤ ሐረጉ ይጠወልጋል። የገበሬው ማሳ ከጥቂት ሐረጎች እየተቆረጠ የተባዛ ስለሆነ አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውንም አይምርም። ጥሩው ፈንገስ መጥፎውን ያስቆመው ይሆን የሚለው ገና እየተጠና ነው። ፀረ ፈንገስ ኬሚካል መርጨትም ቢሆን ወዳጅና ጠላት አይለይም።

እስከዚያው ገበሬው የሚያደርገው ያው የቆየውን ነው። ሐረጉ ሥር የረገፈ ቅጠልና ብስባሽ ይጎዘጉዛል። ጉዝጓዙን በእጅ ገለጥ ያደረገ ሰው ሥሮቹን ብዙም ሳይቆፍር ያገኛቸዋል፤ ላይ ላዩን ተዘርግተው፣ የበሰበሰ ቅጠል ተለጥፎባቸው። ፈንገሱም የሚኖረው እዚያው ነው።