«ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ነው» እና ሌሎች የቤዝቦል ስሕተቶች

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የግብር ሒሳብ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ወረቀታቸውን ይዘው ሲገቡ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን የዋሽንግተን ናሽናልስ ዓርማ ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ግብር የምናወራው ጥቂት ነው። አብዛኞቹ በእግር ኳስ ያደጉ ናቸው። ቤዝቦልን ያወቁት በልጆቻቸው በኩል ወይም ስታዲየሙ አጠገብ ታክሲ አቁመው ተሳፋሪ ሲጠብቁ ነው። ስለዚህ ቢሳሳቱ አልፈርድባቸውም። የሚያናድደኝ አንዱን ስሕተት በየዓመቱ፣ ቃሉ እንኳ ሳይለወጥ፣ ከአዲስ መጡም ከነባሩም መስማቴ ነው።

የ2025 ውድድር ካለቀ ወዲህ ሰበቡ የዲትሮይት ታይገርሱ ወርዋሪ ታሪክ ስኩባል ሆኗል። (ዓመቶቹንም ወራቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ወርዋሪ የምለውም ኳሷን ወደ መቺው የሚልከውን፣ እነሱ ፒቸር የሚሉትን ሰው ነው።) ስኩባል በአሜሪካን ሊግ ለምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት በ2024ም በ2025ም ወስዷል። ክለቡ በእሱ ላይ ያለው መብት ግን ከ2026 የውድድር ዘመን ጋር አብሮ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ከፈለገው ቡድን ጋር ይፈርማል፤ ፍሪ ኤጀንት መሆን ማለት ይኸው ነው። ታዲያ ዲትሮይት ውሉን ያራዝምለት ወይስ ለሌላ ቡድን አሳልፎ ይስጠው? ክርክሩ ይህ ነው፤ በክርክሩ ውስጥ የምሰማቸው ስሕተቶች ደግሞ የሚከተሉት ናቸው።

«ታሪክ የእኛ ልጅ ነው።» አይደለም። ስሙ ለጆሯችን ስለሚጥም ብቻ ዘመድ አይሆንም።

«ለምን በገንዘብ አይሸጡትም?» ይህ የእግር ኳስ ጥያቄ ነው። በቤዝቦል ኮከብ የሚለወጠው በተጫዋች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ገና ስማቸው ባልታወቀ ወጣቶች። ገንዘብ ተሞክሮ ያውቃል። በሰኔ 1976 የኦክላንድ ባለቤት ቻርሊ ፊንሊ ሦስት ኮከቦቹ በነጻ ሳይሄዱበት ሊሸጣቸው ፈለገ። ወርዋሪውን ቪዳ ብሉን ለኒው ዮርክ ያንኪስ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ወርዋሪውን ሮሊ ፊንገርስንና ጆ ሩዲን ደግሞ ለቦስተን ሬድ ሶክስ እያንዳንዳቸውን በ1 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። የሊጉ ኮሚሽነር ቦዊ ኩን ሽያጩን ሰረዘው። ፊንሊ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ተረታ። ፊንገርስና ሩዲ በዚያው ዓመት መጨረሻ በነጻ ሄዱ።

«ከተማዋን ቢወድ ኖሮ ይፈርም ነበር።» እዚህ ላይ ትንሽ ትዕግሥት ያልቅብኛል። አንድ ወጣት የት እንደሚጫወት የሚወስነው ድራፍቱ፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው፤ መርጦ አይሄድም። ወደ ዋናው ሊግ ከገባ በኋላ ለስድስት ሙሉ የአገልግሎት ዓመታት የክለቡ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚከፈለው ለዝቅተኛው ደመወዝ የቀረበ ነው፤ ቀጥሎ በክፍያው ካልተስማሙ ገላጋይ ዳኞች ይቆርጡለታል። አሠሪውን ለአንድ ቀን እንኳ መርጦ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ በደጁ ሲቆም «ቆይ፣ ልየው» ቢል ከዳተኛ የሚባለው በምን ሕግ ነው? ይህቺን መብት ያስገኙትም ራሳቸው ወርዋሪዎች ናቸው፦ አንዲ ሜሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ፣ በታኅሣሥ 1975 በገላጋይ ዳኛው በፒተር ሳይትዝ ውሳኔ።

«ወኪሉ ስኮት ቦራስ ከሆነ ውል አይራዘምም።» ስቲቨን ስትራስበርግ የቦራስ ደንበኛ ነበር፤ በግንቦት 2016፣ ፍሪ ኤጀንት ሊሆን ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ለዚያውም ውድድሩ እየተካሄደ፣ ከዋሽንግተን ጋር ለሰባት ዓመት በ175 ሚሊዮን ዶላር አራዘመ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ።

«አሁን ካልለወጡት ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ነው።» ይህን የሚለኝ ሰው ሁልጊዜ ጣቱን እያወዛወዘ ነው የሚናገረው፤ የሒሳብ ትምህርት እየሰጠኝ እንደሆነ ሁሉ። ሒሳቡ ግን ስሕተት ነው።

ሩቅ ሳንሄድ እዚያው ዲትሮይት ሦስት ምስክሮች አሉ። የመጀመሪያው ማክስ ሸርዘር ነው። በመጋቢት 2014 ክለቡ ስድስት ዓመት በ144 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት፤ እምቢ አለ። ያን ጊዜም «ለውጡት!» የሚል ጩኸት ነበር። አልለወጡትም። ሸርዘር በዚያ ዓመት 18 ጨዋታ አሸነፈ፣ 252 መቺዎችን ከሜዳ አስወጣ፤ ዲትሮይትም ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። እውነት ነው፣ በጥሎ ማለፉ ባልቲሞር ሦስት ለባዶ አሰናበታቸው። በጥር 2015 ሸርዘር ወደ እኛ ወደ ዋሽንግተን መጣ። በግንቦት 2016 ደግሞ በአንድ ጨዋታ 20 መቺዎችን በማስወጣት የሊጉን ክብረ ወሰን ሲጋራ ተጋጣሚው ማን ነበር? ዲትሮይት። እንግዲህ ያማል። ሆኖም ባዶ እጅ የሚባለው የቱ ነው? አንድ ሙሉ ዓመት አገልግሏቸዋል፤ ምድብ አሸንፈውበታል።

ከዚህ በተጨማሪ ብዙዎች የማያውቁት ደንብ አለ። የሚሄደው ተጫዋች ዓመቱን ሙሉ ከክለቡ ጋር ከነበረና ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ጥያቄ ካልቀረበለት፣ ክለቡ የአንድ ዓመት ውል ያቀርብለታል፤ ክፍያውም የሊጉ 125 ከፍተኛ ተከፋዮች አማካይ ነው። እምቢ ብሎ ሌላ ቦታ ከፈረመ የቀድሞ ክለቡ በድራፍቱ ተጨማሪ ምርጫ ያገኛል። የአንድ ወጣት ዕድል ነው እንጂ ኮከብ አይደለም፤ ባዶ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ምስክር ዴቪድ ፕራይስ ነው። እሱን በሐምሌ 2015 ለወጡት። ቶሮንቶ ሦስት ወጣት ግራኝ ወርዋሪዎች ሰጠ፦ ዳንኤል ኖሪስ፣ ማት ቦይድ፣ ሃይሮ ላቡርት። ያን ሰሞን ትልቁ ተስፋ ኖሪስ ነበር፤ ቦይድ ደህና ወርዋሪ ወጣው፤ የፕራይስን ቦታ የሞላ ግን አንድም አልነበረም። ሦስተኛው ጀስቲን ቨርላንደር ነው። በ2013 ለሰባት ዓመት በ180 ሚሊዮን ዶላር ያራዘሙለት እነሱው ናቸው፤ በነሐሴ 31 ቀን 2017 እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ለሂውስተን አሳልፈው ሰጡት። በዚያው ዓመት ሂውስተን የሊጉን የፍጻሜ ውድድር፣ ወርልድ ሲሪስን፣ አሸነፈ፤ ቨርላንደር ከዚያ በኋላ ሁለት የሳይ ያንግ ሽልማት ጨመረ። በምላሹ ከመጡት ሦስት ወጣቶች ከሁሉ በላይ የተወራለት ፍራንክሊን ፔሬዝ በጉዳት ምክንያት በዋናው ሊግ አንድ ኳስ ሳይወረውር ቀረ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኸው አይደል? ያልተወራለት ጄክ ሮጀርስ ግን ቀረላቸው፤ ኳስ ተቀባይ ሆኖ ከስኩባል ፊት ለፊት አጎንብሷል።

ስለዚህ አንድ ክለብ ይዞ አይቶታል፣ ለውጦ አይቶታል፣ አራዝሞም አይቶታል። ከሦስቱ ዲትሮይትን ወዲያውኑ የጠቀማት ይዞ መቆየት ነበር።

የራሴን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እጅግ ጎበዝ ረዳት ነበረችኝ። በጥር ወር «የግብር ጊዜ እንዳለቀ ወደ ሌላ ግዛት እዛወራለሁ» አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ ሰምቶ «ከአሁኑ አሰናብታትና ሌላ ሰው አሠልጥን፤ አለበለዚያ ባዶ እጅህን ነው የምትቀረው» አለኝ። የግብር ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15 መሆኑን ለማያውቅ ሰው ምክሩ ብልህ ይመስላል። እኔ አቆየኋት፤ ያ ዓመት ቢሮዬ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሥራ የሠራንበት ነው። ኤፕሪል 16 ዳቦ ቆርሰን፣ ቡና አፍልተን ሸኘናት። ወንድሜ እስከ ዛሬ ተበልጬ እንደቀረሁ ያምናል።

ለስኩባልም ስሌቱ ያው ነው። በጥቅምት 2025 ከሲያትል ጋር በተደረገው የመጨረሻው ወሳኝ ጨዋታ ስድስት ዙር (ዙር የምለው ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበትን የጨዋታ ክፍል ነው) ወርውሮ 13 መቺዎችን ብቻውን አስወጣ፤ እሱ ከወጣ በኋላ ቡድኑ በ15ኛው ዙር 3 ለ 2 ተሸነፈ። እዚያ ድረስ የደረሰ ቡድን የሚፈልገው ምንድን ነው? ከአራት ዓመት በኋላ ሊበስል የሚችል የ19 ዓመት ልጅ ነው ወይስ ያንን ምሽት መድገም የሚችል ሰው?

አትለውጡ ማለቴ ግን አይደለም፤ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ አድርጎ ይሰማኛል። ቡድኑ ከወደቀ ለውጡ፣ ያውም ሳትዘገዩ። ዋሽንግተን በ2021 ከማሸነፉ መሸነፉ ሲበዛበት፣ ውሉ ሊያልቅ ወራት የቀሩትን ሸርዘርን ከትሬይ ተርነር ጋር ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ላከው፤ ትክክል ነበር፤ እያዘንኩ አጨብጭቤአለሁ። ሚልዋኪም ኮርቢን በርንስን በየካቲት 2024፣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ለባልቲሞር ሰጥቶ ጆይ ኦርቲዝን፣ ዲኤል ሆልንና የድራፍት ምርጫ ተቀበለ። በዚያው ዓመት ምድቡን አሸነፈ። ይህ የሆነው ሚልዋኪ ሌሎች ወርዋሪዎች ስለነበሩት ነው። ባልቲሞርም አልተታለለም፤ በርንስ በጥሎ ማለፉ አንድ ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ስምንት ዙር ወረወረላቸው፤ መቺዎቹ ግን አንድ ነጥብ እንኳ ሳያገኙለት ቀሩና 1 ለ 0 ተሸነፉ።

ወቅቱንም እዩ። በሐምሌ መጨረሻ የሚገዛ ቡድን የሚያገኘው ሁለት ወር ያህልና የጥሎ ማለፉን ጨዋታዎች ብቻ ነው፤ በመካከል የመጣ ተጫዋች ሲሄድበትም ያ የድራፍት ምርጫ አይሰጠውም። ስለዚህ ዋጋው ይወርዳል። ለመለወጥ የቆረጠ በብርዱ ወራት ይለውጥ። ያልቆረጠ አፉን ይዝጋ፤ ቡድኑ የሚሻማበትን ወርዋሪ ለገበያ እንዳወጣው ሁሉ በየጋዜጣው መናገር ለማንም አይበጅም።

የመጨረሻው ስሕተት የሁለት ጎራ ነው። አንዱ «ለወርዋሪ ረጅም ውል መስጠት ዕብደት ነው» ይላል፤ ሌላው «ኮከብ ነው፣ የጠየቀውን ስጡት» ይላል። ሁለቱንም አንድ ከተማ ትመልስላቸዋለች። ዋሽንግተን ለሸርዘር ሰባት ዓመት በ210 ሚሊዮን ሰጠ። ሁለት የሳይ ያንግ ሽልማት አገኘበት፤ በ2019 የወርልድ ሲሪስ ዋንጫ አነሣበት። በታኅሣሥ 2019 ደግሞ ለስትራስበርግ ሰባት ዓመት በ245 ሚሊዮን ሰጠ። የወርልድ ሲሪሱ ምርጥ ተጫዋች እሱ ነበርና ማን ይቃወማል? ወኪሉ ያው ቦራስ፣ ዘመኑም ያው ሰባት ዓመት። ስትራስበርግ ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ነው፤ በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው የነርቭ መጨናነቅ አስቆመው። ልዩነቱን ያመጣው ሰውነት ነው፤ የትኛውም ሥራ አስኪያጅ ያንን አስቀድሞ አላየም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ለሙያዬ ስል አንድ ነገር ልጨምር። የሸርዘር 210 ሚሊዮን በሰባት ዓመት አልተከፈለም። ግማሹ ተላለፈ፤ በዓመት 15 ሚሊዮን እየተባለ እስከ 2028 ይዘልቃል። ለኒው ዮርክ ሜትስ፣ ለቴክሳስና ለቶሮንቶ ሲወረውር ከዋሽንግተንም ይከፈለው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ዶላር ከዛሬው ዶላር ያንሳል፤ ይህን ደንበኞቼ ስለ ቤት ብድር ሲሆን በደንብ ያውቁታል፣ ቤዝቦል ላይ ሲደርሱ ይረሱታል። በጋዜጣ ርዕስ ላይ ያለውን አኃዝ ይዞ የሚከራከረኝ ሰው መጀመሪያ የክፍያውን ሰሌዳ ያምጣልኝ።

እኔም ብሆን በስትራስበርግ ተበልቻለሁ። ያኔ ውሉን በፈረመበት ሳምንት ለዘጠኝ ዓመት ልጄ ማሊያውን ገዛሁለት፤ እንዲያድግበት ብዬ ሁለት ቁጥር አስበልጬ። ስትራስበርግ በ2024 ጡረታ ሲወጣ እጅጌው ለልጁ አጥሮት ለታናሽ እህቱ አውርሷት ነበር። እሷ የምትወደው እግር ኳስ ነው፤ ማሊያውን ስትተኛ ትለብሰዋለች።