«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው»፦ ከቦርከና ዳር እስከ ፖከር ጠረጴዛ

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለውን ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይለዋል። ሌላው ደግሞ አሳጥሮ «እያሳሳቀ ወሰደው» ብሎ ይገላገላል። ስለ ብድር ይባላል፣ ስለ መጠጥ ይባላል፣ አፉ ቅቤ ስለሆነ ጓደኛም ይባላል። እኔ ደሴ ላይ ስለ ካርታ ሲባል ሰምቼዋለሁ። ስለ ፖከር።

ብዙ ሰው ሲተረጉመው «ተጠንቀቅ ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እንደሱ ከሆነማ ተጠንቀቅ የሚል ተረት በሽ ነው። የዚህኛው ጉዳይ ሳቁ ላይ ነው ያለው። እሳት ገና ሲነካህ ስለሚያቃጥል እጅህን ቶሎ ትሰበስባለህ። ውሃ መጀመሪያ ደስ ይላል። ስለዚህ ተረቱ የሚነገረው ገንዘቡን ለጨረሰ ሰው አይደለም፤ እሱማ አንዴ ተወስዷል። የሚነገረው ገና እየሳቀ ላለው ነው።

መነሻውን ማየት የፈለገ በክረምት ኮምቦልቻ ወርዶ ቦርከና ዳር ይቁም። ወንዙ ደሴን አቋርጦ ነው ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው። ደሴ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመኪና የሐረጎን ቁልቁለት ይዞ ለሚወርድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ግን ሹራብ ለብሰህ ተነስተህ እጅጌህን ሰብስበህ ትደርሳለህ። ላይ ደሴ ላይ ሲዘንብ ታች ኮምቦልቻ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ወንዙ ውስጥ የቆመው ሰው ዝናቡን አያየውም።

ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ እያለ ይኮረኩራል። ልጆች ይንጫጫሉ። ትንሽ ገባ ሲሉ ከእግራቸው ሥር ጠጠሩ መንከባለል ይጀምራል፤ ይሄም ያስቃል፣ አንዱ አንዱን ይዞ ይንገዳገዳል። ከዚያ ውሃው ደፍረስ ይልና ቅጠልና ጭራሮ እያንሳፈፈ ይመጣል። ደራሹ ከኋላ አለ ማለት ነው። ጉልበት እንኳ ያልደረሰ ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ጭራሮውን ሲያይ ይወጣል። የከተማው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

ወደ ካርታው ልመለስ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ የደሴ ወጣት ቤት ተቀምጦ ካርታ ይበውዛል። ኮንከር የማይችል የለም። ፖከርን ግን አንድ ጓደኛችን ከስልኩ ተምሮ ነው ይዞብን የመጣው፤ ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ዓይነት። ሕጉ አያስቸግርም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል። መሃል ላይ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ይገለጣል። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱን ይዘህ ትወዳደራለህ። በየመሃሉ ታስይዛለህ፣ ትጨምራለህ ወይም ካርታህን ጥለህ ትወጣለህ። በገንዘብ ፈንታ የምናስይዘው ባቄላ ነበር። የጓደኛችን እናት «ስትጨርሱ ባቄላዬን ቆጥራችሁ ትመልሳላችሁ» ብለው ነው የሰጡን።

ከባዱ ነገር መጣል ነው። ከሁሉ የሚሻለው አጀማመር ሁለት ኤስ ነው፤ እሱ በአማካይ ከ221 እጅ (ማለትም ከ221 እደላ) አንዴ ነው የሚደርሰው። በሰዓት 30 ጊዜ ቢታደል ከሰባት ሰዓት በላይ መጠበቅ ነው። እስከዚያ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተህ ሌላ ጀበና ይጣዳል። ለጀማሪ ይሄ አይዋጥለትም። ሁለት ካርታ ከደረሰው መጫወት ይፈልጋል።

አንዱ ከመካከላችን ገና ሲጀምር ሰባትና ሁለት ደረሰው፣ የተለያየ ዓይነት። ፖከር የሚያውቅ ሰው ከዚህ የባሰ አጀማመር የለም ይላል። እሱ ገባ። መሃል ላይ ሰባት፣ ሰባት፣ ሁለት ወጣ። ፉል ሃውስ! ሦስት ሰባትና ጥንድ ሁለት ማለት ነው። ሰባትና ሁለት ይዞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ፉል ሃውስ ማግኘት ከ1,000 ጊዜ አንዴ እንኳ በቅጡ አይሞላም። የባቄላውን ክምር በሁለት እጁ ወደ ራሱ ጎተተው፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ምንም ካርታ ይድረሰው መጣል እምቢ አለ። ባቄላው እፍኝ እፍኝ እያለ ሄደ፣ እሱ ግን አሁንም ስለዚያች ሰባትና ሁለት ነበር የሚያወራው።

በባቄላ ሲሆን ተስቆ ያልፋል። ልጁ ግን በዚሁ ሞራል ስልኩ ላይ በገንዘብ ጀመረ። ኦንላይን ፖከር ለመማሪያ ጥሩ ጎን አለው፣ አልክድም። ቶሎ ቶሎ ይታደላል፣ ያለፈውን እጅ መልሰህ ታያለህ፣ ማን ያሸንፋል ብሎ ጭቅጭቅ የለም። ችግሩም ያው ፍጥነቱ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻ በሰዓት 60 እጅና ከዚያ በላይ ያልፋል፣ ሁለት ሦስት ጠረጴዛ የሚከፍት ደግሞ አለ። በዚያ ላይ ኮሚሽኑ። ጓደኛ ቤት የተበላህ ገንዘብ ጓደኛህ ኪስ ነው የሚገባው፤ ነገ ማኪያቶ ይጋብዝሃል። ኦንላይን ላይ ድርጅቱ ከአሸናፊው ድርሻ ላይ ይቆርጣል። ሁላችሁም እኩል ጎበዝ ብትሆኑ እንኳ ቀስ በቀስ ሁላችሁም ትከስራላችሁ።

ይሄን ስትነግረው መልሱ አንድ ነው፤ ክሪስ መኒሜከር። እውነት ነው፣ ይሄ አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ እንደ ፈረንጆቹ በ2003 በ86 ዶላር የኦንላይን ማጣሪያ አልፎ የፖከር የዓለም ውድድር ላይ 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸንፏል። በዚያ ዓመት ዋናው ውድድር ላይ 839 ሰው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 2,576 ሆነ። ስለ መኒሜከር የሚያወራ ሞልቷል። ባዶ እጃቸውን ስለተመለሱት ማን ያውራ?

ባቄላ የሰጡን እናት ነበሩ ተረቱን ያመጡት። ልጁ ስልኩን ዘርግቶ ያሸነፈውን ሲያሳያቸው ፈገግ ብለው አዩና «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ልጄ» አሉት። «እትዬ፣ እኔ'ኮ ዋና እችላለሁ» አላቸው። «እሱማ፣ የማይችለው መቼ ይገባል ብለህ ነው» ብለው ሽሯቸውን ማማሰል ቀጠሉ።

አሁን እውነተኛ ገንዘብ በማይያዝበት በነጻው ጨዋታ ነው የሚጫወተው። ስልኩ ላይ ሚሊዮኖች አሉት፤ ላም አለኝ በሰማይ። ነጻው ግን ለመማሪያ እምብዛም ነው። ቢያልቅ ነገ ሌላ ስለሚሰጥህ ካርታውን የሚጥል ሰው የለም፣ ብላፍ ብታደርግም፣ ማለትም ደካማ ካርታ ይዘህ ጠንካራ የያዝክ ብትመስልም፣ የሚፈራህ አታገኝም። ባቄላ ይሻላል፣ ምክንያቱም ያልቃል። በእኛ ሕግ ደግሞ ባቄላው ያለቀበት ሰው ተነስቶ ቡና ያፈላል፤ ለዚያ ሲባል ብቻ ካርታ መጣል የለመደ ሰው አውቃለሁ።