መጽሐፉን ብትጨምቀው ጠብ አይልም

በምሥራቅ ሕንድና በባንግላዴሽ የሚኖሩት ቤንጋሎች ፓንጂካ የሚሉት መጽሐፍ አላቸው። በየዓመቱ ይታተማል። ጾሙ መቼ እንደሚውል፣ ግርዶሽ መቼ እንደሚሆን፣ ለሠርግ የትኛው ቀን እንደሚቀና ይናገራል። የዓመቱንም ዝናብ ይተነብያል፤ ዘንድሮ ይህን ያህል ይዘንባል ብሎ በመስፈሪያ ያስቀምጠዋል። ሩዝ ለሚያበቅል ገበሬ ከዚህ የበለጠ ወሬ የለም።

አባባሉም የሚነሣው ከዚሁ ነው፦ «ፓንጂካው ላይ ሃያ መስፈሪያ ዝናብ ይጥላል ተብሎ ተጽፏል። መጽሐፉን ብትጨምቀው ግን አንዲት ጠብታ አይወጣውም።»

ይህን ይል የነበረው ራማክሪሽና የተባለው የሂንዱ መንፈሳዊ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 ካማርፑኩር በምትባል የቤንጋል መንደር ተወልዶ በ1886 አረፈ። አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ከኮልካታ በስተሰሜን፣ ሁግሊ ወንዝ ዳር ባለው በዳክሺኔሽዋር ቤተ መቅደስ ነው። ትምህርት ላይ ብዙም አልገፋም። ታላቅ ወንድሙ ተማር እንጂ ቢለው፣ «ሩዝና ሙዝ የሚያስቋጥር ትምህርት ምን ያደርግልኛል?» አለ ይባላል። ሩዝና ሙዝ ካህን ሥርዓቱን ሲጨርስ በጨርቅ ቋጥሮ ወደ ቤቱ የሚወስደው ድርሻው ነው። ነገሩ እንጀራ የሚያበላ ትምህርት እንደ ማለት ነው። ንግግሮቹ ዛሬ ድረስ የደረሱን ማሄንድራናት ጉፕታ የሚባል መምህር ከ1882 ጀምሮ እየተመላለሰ ማስታወሻ ይይዝ ስለነበር ነው።

ሊያዳምጡት ከሚመጡት ብዙዎቹ የተማሩ የኮልካታ ሰዎች ነበሩ። ጥቅስ በሳንስክሪት፣ በጥንቱ የሕንድ የመጻሕፍት ቋንቋ፣ የሚያንበለብሉም አይጠፉም። ራማክሪሽና እንዲህ ያለውን ሊቅ በአሞራ ይመስለው ነበር፦ የሚያንዣብበው እላይ ነው፣ ዓይኑ ግን ታች ያለው ጥንብ ላይ። ክፉ ምላስ ነው፤ ግን እየሳቀ ነበር የሚናገረው።

እኛ ዘንድ ለዚህ የቀረበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ግን አንድ አይደሉም። የሰማይዋ ላም ጭራሽ የለችም። ፓንጂካው ግን አልዋሸም፤ ሃያው መስፈሪያ በእርግጥ ሊዘንብ ይችላል። ከወረቀቱ አይወርድም ነው እንጂ። አባባሉን የምወደው በዚህ ነው። መጽሐፉን ሐሰት ነው አይልም፣ አያቃጥለውም። አንተ ውኃ የምትፈልገው ከየት ነው ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ይህ ጥያቄ አድቫይታ በሚባለው የሂንዱ ፍልስፍና ውስጥ ሲገባ ይከብዳል። አድቫይታ «ሁለት ያልሆነ» ማለት ነው። የሰው እውነተኛ ማንነቱ፣ አትማን፣ ከሁሉ መሠረት ከብራህማን የተለየ አይደለም ይላል። ለማለት ደግሞ ቀላል ነው! አንድ ሳምንት ያነበበ ሰው ሊያስተምረው ይችላል። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ጊዜ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ «እኔ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉ አንድ ነው» እያልኩ ስደሰኩር ጓደኛዬ ስኳሯን እያማሰለች፣ «ታዲያ ቅድም አስተናጋጁ ላይ የጮኸው ማነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ ራማክሪሽና የጀመረው አይደለም። በስምንተኛው ክፍለ ዘመን መምህር በሻንካራ ስም የሚታወቅ «ቪቬካቹዳማኒ» የተባለ ግጥም አለ (የእሱ መሆኑን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ)። መድኃኒት መድኃኒት ስላልክ ሕመሙ አይለቅህም፣ መዋጥ አለብህ፤ ብራህማን ብራህማን ማለትም እንደዚሁ ነው ይላል። እዚያው አካባቢ ደግሞ የቃል ፏፏቴንና መጻሕፍትን የመተርጎም ችሎታን ያነሣና «ለቡክቲ ነው እንጂ ለሙክቲ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። ሙክቲ ነጻ መውጣት ነው። ቡክቲ መብላት፣ መደሰት። ሩዝና ሙዟ እዚህም ተቋጥራለች።

ታዲያ ከልቡ የሚጠይቀው በምን ይታወቃል? ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ በሚባለው ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ ውስጥ ናራዳ የሚባል ሊቅ ወደ ሳናትኩማራ ዘንድ ሄዶ አስተምረኝ ይለዋል። መምህሩ መጀመሪያ የምታውቀውን ንገረኝ አለው። ናራዳ ይዘረዝር ጀመር፦ ቬዳ የሚባሉትን አራቱን ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ታሪኩን፣ ሰዋስውን፣ ሂሳቡን፣ የከዋክብቱን ነገር፣ የእባብ ጥበብ ሳይቀር። ማለቂያም የለው። እዚህ ላይ አንባቢው ይሄ ሰው ሊፎክር ነው ብሎ ይጠብቃል። እሱ ግን ዝርዝሩን ጨርሶ እንዲህ አለ፦ ጌታዬ፣ ቃሉን አውቃለሁ፣ ራሴን ግን አላውቅም። ራሱን ያወቀ ኀዘንን ይሻገራል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ኀዘን ላይ ነኝ፤ አሻግረኝ።

ያንን ሁሉ ዕውቀት ይዞ «ከፍቶኛል» ማለት ቻለ። የሚያስመስል ሰው ይህቺ ቃል ከአፉ አትወጣም። ጥያቄው ሁሉ መልሱን ሌሎች እንዲሰሙለት ነዋ።

አባባሉን ግን ከመጠን በላይ መለጠጥ ልክ አይመስለኝም። የአድቫይታ መምህራን ራሳቸው የሚወዱት የአሥረኛው ሰው ታሪክ አለ። አሥር ሰዎች ወንዝ ተሻገሩ። አንዱ ቆጠረ፣ ዘጠኝ ሆኑበት። ሌላውም ቆጠረ፣ ዘጠኝ። ሁሉም ራሱን እየዘለለ ነው የሚቆጥረው። አንዱን ወንዝ ወሰደብን ብለው ዳር ተቀምጠው ሲያለቅሱ መንገደኛ ደረሰ። ቆጠረና የመጨረሻውን «አሥረኛው አንተ ነህ» አለው። በቃ፣ ለቅሶው አበቃ። እዚህ ላይ ሥራውን የሠራው ባዶ ቃል ነው። ጭመቅ ቢሉት እንኳ ጠብ ይላል፣ ሰሚው እያለቀሰ ነበርና።

ራማክሪሽናም ይህን የሳተው አይመስለኝም። ስለ መጻሕፍት ሲያነሣ ሌላ ምሳሌ ነበረው። ለአንድ ሰው ከዘመድ ደብዳቤ ይመጣለታል። ደብዳቤው ይጠፋል። ቤቱ ይታመሳል፣ ዕቃው ይገለበጣል፣ በመጨረሻ ይገኛል። «አምስት ሴር ሳንዴሽና አንድ ልብስ ላክ» ይላል። ሴር የክብደት መለኪያ ነው፤ ሳንዴሽ ደግሞ ከወተት የሚሠራ የቤንጋሎች ጣፋጭ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የትም ቢወድቅ ግድ የለውም። ሰውየው ሳንዴሹን ሊገዛ ወጥቷል።