አዲስ ፕሮሰሰር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስለ ጌም ፍጥነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጌም መንቀራፈፍ ሲጀምር ብዙ ሰው ቶሎ የሚደርስበት መፍትሔ ፕሮሰሰር መቀየር ነው። ዕቃው ርካሽ አይደለም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው ከሆነ ደግሞ «አልሆነኝም» ብሎ መመለስ የለም። ስለዚህ ብሩ ከኪስ ሳይወጣ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ፕሮሰሰሬ የሚሠራው 30 ፐርሰንት ብቻ ነው፤ ችግሩ እሱ አይደለም»

ሰውን በብዛት የሚያሳስተው ይሄ ነው። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ላይ የምናየው ቁጥር የሁሉም ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) አማካይ ነው። ጌም ግን ሥራውን ለኮሮቹ እኩል አያካፍልም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዋና ትሬድ (በተራ የሚሄድ የሥራ መስመር) አለ፤ ለግራፊክስ ካርዱ ትእዛዝ እያዘጋጀ የሚልከውም እሱ ነው። 12 ትሬድ በአንድ ጊዜ በሚያስኬድ ፕሮሰሰር ላይ ይህ አንዱ እስከ ጥግ ቢጨናነቅ፣ በጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚጨምረው 8 ፐርሰንት ገደማ ነው። ሌሎቹ እሱን ይጠብቃሉ። እናንተ 30 ፐርሰንት እያያችሁ፣ ለዚያ ጌም የሚሆነው አቅም ግን ተሟጦ ሊሆን ይችላል።

መታየት ያለበት የግራፊክስ ካርዱ ቁጥር ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም እየተጫወታችሁ ስክሪኑ ላይ ያሳያችኋል። መጀመሪያ ቪሲንክን (ጌሙን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያስተሳስረውን ምርጫ) እና ማንኛውንም የፍሬም ገደብ (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት የሚገድበውን) አጥፉ። ካርዱ ከ95 ፐርሰንት በላይ እየሠራ ከሆነ፣ ወደኋላ የያዛችሁ እሱ ነው። አዲስ ፕሮሰሰር ብትገዙም ብዙ ለውጥ አታዩም። ካርዱ 60 ወይም 70 ላይ ከቆየ ግን ፕሮሰሰሩን ወይም ራሙን ጠርጥሩ።

ለማረጋገጥ ሪዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ገደቡ ካርዱ ነበር። ምንም ካልነቃነቀው ካርዱ አይደለም። ሙከራውን ባዶ ሜዳ ላይ ሳይሆን ሰው በሚርመሰመስበት ከተማ ወይም ውጊያ በጦፈበት ቦታ አድርጉት፤ ፕሮሰሰር የሚፈተነው እዚያ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳያደርግ ማንም ሰው ፕሮሰሰር ባይገዛ ደስ ይለኛል።

«በ4ኬ ለመጫወት ጠንካራ ፕሮሰሰር የግድ ነው»

እውነታው ወደ ተቃራኒው ያደላል። 4ኬ ከ1080 አራት እጥፍ ፒክስል አለው። ያንን ሁሉ የሚስለው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ፕሮሰሰሩ ለአንድ ፍሬም የሚሠራው ሥራ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ፕሮሰሰር የሚገመግሙ ሰዎች በጣም ውድ ካርድ ሰክተው 1080 ላይ የሚለኩት ለዚህ ነው፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። እናንተ መካከለኛ ካርድ ይዛችሁ ሪዞሉሽኑን ከፍ አድርጋችሁ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ግምገማው ላይ ያያችሁትን ጭማሪ ቤታችሁ አትጠብቁት።

«ጊጋኸርዙ ከፍ ያለና ኮሩ የበዛ ሁልጊዜ ይበልጣል»

ኤኤምዲ በ2022 ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲን አወጣ። ከእሱ በፊት የነበረው 5800ኤክስ እስከ 4.7 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ አዲሱ እስከ 4.5 ብቻ። ሁለቱም ስምንት ኮር ናቸው። በአብዛኞቹ ጌሞች ግን አዲሱ ይቀድማል። 16 ኮር ያለውን 5950ኤክስን እንኳ ብዙ ጌም ላይ ይበልጠዋል። ምሥጢሩ ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሜሞሪ) ነው። ከ32 ሜጋባይት ወደ 96 አድጓል። ጌም በየቦታው የተበተነ ዳታ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ወደ ራም መመላለስ ጊዜ ይበላል። ዳታው እዚያው ቅርብ ሲገኝ ሥራው ይፈጥናል። ቪዲዮ ኤዲት ለማድረግ ከሆነ ደግሞ 16 ኮሩን እመርጣለሁ።

«አማካይ ኤፍፒኤስ ካልጨመረ ጥቅም የለውም»

በ60 ኤፍፒኤስ (በሰከንድ 60 ፍሬም) አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። አማካዩ 60 ሆኖም አልፎ አልፎ አንዷ ፍሬም 50 ሚሊሰከንድ ከቆየች፣ ዓይናችሁ ላይ ጌሙ ቀጥ ይላል። ዋን ፐርሰንት ሎው የሚባለውን ቁጥር (በጣም የዘገዩት አንድ ፐርሰንት ፍሬሞች ፍጥነት) የምንመለከተው ለዚህ ነው። ደከም ያለ ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ የሚያሳብቀው በዚህ ነው፤ ጥሩ ፕሮሰሰር አማካዩን ብዙም ሳይነካ ጌሙን ሊያለሰልሰው ይችላል። ሞኒተራችሁ 60 ኸርዝ ሆኖ ጌሙ አሁንም ሳይቆራረጥ የሚሄድ ከሆነ ግን ተዉት።

«አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን መሰካት ነው»

ማዘርቦርዱ ካልተቀበለው አይሆንም። የኢንቴል 6ኛና 7ኛ ትውልድ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) ከ8ኛና 9ኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም 1151 ይባላሉ። ግን ለቀድሞዎቹ የተሠራ ቦርድ የኋለኞቹን አያስነሳም። ኤኤም4 የተባለው የኤኤምዲ ሶኬት ያለው ቦርድ የያዛችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ብዙዎቹ ቦርዶች ባዮስ (ቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አፕዴት ተደርጎላቸው 5800ኤክስ3ዲን ይቀበላሉ። ወደ ቀጣዩ ሶኬት ኤኤም5 መሻገር ግን ቦርድም ዲዲአር5 ራምም መግዛት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ክፈቱና ፍጥነቱን እዩ። 3200 የተባለ ዲዲአር4 ራም ገዝታችሁ 2133 ካሳያችሁ፣ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተባለለት ፍጥነት የሚያስኬደው ምርጫ) አልበራም ማለት ነው። ማብራቱ ነፃ ነው። የተሰካው አንድ ራም ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ከፕሮሰሰሩ በፊት ተመሳሳይ ሁለተኛ ግዙ።